ለዓይኔ ቆብ የመጡ ለቀስተኞች

ሰኞ

ክሩ ወጣ፣ ከሁለቱም ዓይኔ። አላመመኝም ብል ውሸት ነው፤ የግራው ሲመዘዝ የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ተኮማተሩ። ሐኪሙ መስታወት ሰጠኝ። መርካቶ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ክርና ቁልፍ የሸጥኩ ሰው ነኝና ከፊቴ በፊት ያየሁት ስፌቱን ነው። የቀኙ እንከን አይወጣለትም፤ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የግራው ግን ጫፉ ላይ ቀይ ቋጠሮ ነገር አለው። «ጠባሳ ነው፣ እየቆየ ይለሰልሳል» አለኝ። በምን ያህል ጊዜ? «ወራት ይፈልጋል።»

ያ ዓይኔ ላይ የተንዘላዘለው ቆዳ ግን የለም! ታክሲ ውስጥ ራሴን በስልኬ አራት ጊዜ አየሁ።

እንዳልረሳ፦ ቅባት ጠዋትና ማታ። ፀሐይ ክልክል። ማሸት ክልክል። ሁለት ትራስ። ለማንም አለመናገር (ይሄ የሐኪሙ ሳይሆን የኔ ትእዛዝ ነው)። የምታውቀው ልጄ ሜሮን ብቻ ናት፤ ለእሷም «ማየት ከበደኝ» ነው ያልኳት።

ማክሰኞ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሱቅ ከፈትኩ። ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር ሹራብ፣ ለፀሐዩ ብዬ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ። ፊት ለፊቴ ዚፕ የሚሸጡት ጋሼ ሙደሲር ገና ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። «አላህ ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። ነገሩ ሳይገባኝ «አሜን» አልኩ። ጉድ ያፈላብኝ ይሄ አሜን ነው።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የተራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከፊት የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ። ካርቶኖቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። «ምን አድርገንሽ ነው ብቻሽን የምታለቅሺው?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተቀይመው። መነጽሬን አውልቄ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ያቺ ቀይ ቋጠሮ ትዝ አለችኝና አፌ «ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ» አለ። ደብረ ማርቆስ አክስት የለኝም። ስሟን ሲጠይቁኝ «የሺ» አልኩ። አለቀሱላት። አፈርኩ።

ረቡዕ

ብልዙ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው። እብጠቱም ቀንሷል። ቋጠሮዋ ንቅንቅ አላለችም።

ዛሬ በዚህ መነጽር የተነሳ ለአንድ ልብስ ሰፊ ጥቁር ክር ብዬ ሰማያዊ ሰጠሁት። እኔ! ሮጦ መልሶ አመጣው፤ ሐዘንተኛ ናት ብሎ ምንም አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ እትዬ አስካለ ደወሉ። ዓርብ የዕድሩ ሴቶች ቤቴ ይመጣሉ። ንፍሮውን እነሱ ይቀቅላሉ፣ እኔ እንዳልነሳ። ለየሺ ንፍሮ ሊቀቀል ነው። ሜሮን እስኪያማት ሳቀች፤ ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ሐሙስ

ጠዋት ሳልከፍት እትዬ አስካለ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ሴቶች አብረዋቸው አሉ፤ ማን ሽምብራ፣ ማን ስንዴ እንደሚያመጣ ይነጋገራሉ። «እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም» አልኩና መነጽሬን አወለቅሁ።

እትዬ አስካለ አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝ።

«የዓይንሽን ቆብ አስቆረጥሽው?»

«አዎ።»

«ባልሽ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። በዚህ ዕድሜ ሰው ቆብ ይደፋል እንጂ ያስቆርጣል?»

አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ግን ቶሎ ኮስተር አሉ። «ላላየኋት ሴት አልቅሼ ራሴን ሲያመኝ አደረ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ዝቅ ብዬ። ትንሽ ቆይተው ለስለስ አሉ። «ለነገሩ ማየት ከልክሎሽ ነው አይደል?»

አዎ ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ለሜሮን ያልኩትም እሱን ነው። «አይደለም። ደህና አያለሁ። ማማር አምሮኝ ነው» አልኩ። እስከ ሱቄ ድረስ ያለ መነጽር፣ በጥላው በኩል ሄድኩ። በራሴ ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዓርብ

ቀሩ ብዬ ሳለ መጡ፤ ሰባት ሆነው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው። «ሐዘን ባይኖር ሕመም አለ» አሉ እትዬ አስካለ፤ የታመመ ሊጠይቁ ነው። ከአትክልት ተራ ብርቱካን ይዘዋል። የተዘፈዘፈ አይጣልም ብለው ንፍሮውንም ቀቅለው አምጥተዋል፤ ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው ተራ በተራ አዩኝ። አንዷ ቀኙን አደነቀች። አንዷ የግራው ጫፍ ተሸብሽቧል አለች፣ ፊት ለፊት። ሌላዋ ማር ቀቢው አለች፤ አልቀባም። እትዬ አስካለ በመጨረሻ «ዓይንሽ ይሄን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ።

ቋጠሮዋ ትጥፋ ትቅር፣ ሐኪሙም እርግጡን አልነገረኝ። ዛሬ ግን ሰባት ሴት በቅርብ ሲያየኝ ፊቴን አላዞርኩም።