ነብሮን ያሳጣሽ ግትርነቴ

ልጄ ማሬ፣ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደም። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዶ ገብቷል።

ውሻሽ ነብሮ ግን ሞተ። ቂጡን መሬት ለመሬት ሲጎትት አይቼ በስልክ ብነግርሽ «ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ ቂጡ ላይ ይያዙለት፤ ካልተሻለው ለሐኪም ያሳዩት» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን «የሆድ ትል ነው፤ ውሻ ሳሳድግ ነው ያረጀሁት» ብዬ ኮሶ አጠጣሁት። እናትሽ ብትለምነኝም አልሰማሁ። ኋላ ቂጡ አጠገብ አበጠ፤ እብጠቱ ፈንድቶ መግል ሲፈስ ተሸክሜው ንፋስ መውጫ ከተማ ሄድሁ። የእንስሳት ሐኪሙ «በፊንጢጣው ዳር ያለው ዕጢ ተደፍኖ ነው፤ አሁን መግሉ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ ዘገዩ» አለኝ። ስመለስ ክንዴ ላይ ሞተ፤ እስኪሞት እጄን ይልስ ነበር።

ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፤ በስልክ አፌ እሺ ስላላለኝ ጻፍሁት። በሰው አገር ጤና ይስጥሽ፤ ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።

አባትሽ ታፈረ