አባባ ቦታውን የለቀቀ ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ? የላኩልህ ወፍራም ካልሲ ደርሶህ ከሆነ ንገረኝ፤ ካልሲም ይከለከላል እንዳትለኝ ብቻ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። እርሻውን ዘንድሮም ጋሽ ዱዌን አርሰውልናል። ድመትህ አርጅታለች፤ ክፋቷ ግን አልቀነሰም፤ ትናንት እንኳ ቧጥጣኛለች።

አባባን ባለፈው ማክሰኞ ቀበርነው። የማረሚያ ቤቱ ቄስ እንደነገሩህ፣ ለቀብሩም እንድትመጣ እንዳልፈቀዱልህ ሰምቻለሁ። እማማ ጎን ነው ያረፈው። ንፋሱ የቄሱን መጽሐፍ እየገለበጠ አስቸገረን። ከቀብር መልስ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ያንን የታወቀ ድንችና ሥጋቸውን በትሪ በትሪ ደርድረው ጠበቁን፤ ሰው ሁሉ በላ፣ እኔም በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም። ጋሽ ዱዌን ሳጥኑን ሲሸከሙ ደህና ነበሩ፤ ሳህን ይዘው ሲቀመጡ ነው እንደ ሕፃን ያለቀሱት። ልብሱን ስሰበስብ የሱሪው ኪስ ሁሉ ከወንዙ ዳር የለቀመው ድንጋይ ነው። ምን እንደማደርገው ጨንቆኝ መስኮቱ ላይ ደርድሬዋለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅኸኝ። «አባባ እንደጠላኝ ሊሞት ነው?» ብለህ። ያኔ በሕይወት ነበር፤ እኔም መልሱን ስለማላውቀው ስለ አየሩና ስለ ጎረቤት ቀባጥሬ ደብዳቤውን ዘጋሁት። አሁን ያየሁትንም የሰማሁትንም እጽፍልሃለሁ። ታግሰህ አንብበው፤ ወሬ ማሳጠር እንደማልችልበት ታውቃለህ።

ከተፈረደብህ ወዲህ ስምህን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ደብዳቤህ ሲመጣ ከሌላው ፖስታ ለይቶ ጠረጴዛው ጥግ ያስቀምጥልኛል እንጂ ምን ይላል ብሎ አይጠይቅም። ይስማ ብዬ ጮክ አድርጌ ሳነበው ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ «ልጅህ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «በሩን ዝጊው፤ ንፋስ ይገባል» አለኝ።

እኔም ብሆን ከልቤ አልፈረድኩበትም። ያጣው እማማን ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማባት ደውላ፣ አንተ ከአባባ ጋር ዓሣ ከምታጠምድበት ወንዝ ሄደህ ይዘሃት ስትመለስ የቦዩ ድልድይ ላይ የሆነው ሆነ። አንተ ተረፍክ፤ እሷ ቀረች። ችሎቱ ፊት ቆመህ «ከጠዋት ጀምሮ ቢራ ስጠጣ ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍም አባባ ሳያየኝ ከጃኬቱ ኪስ ነው የወሰድኩት» ስትል እዚያው ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። ለብዙ ጊዜ ጥርሴን ነክሼብህ እንደኖርኩ ታውቃለህ። አባባም እንደ እኔ የተቆጣህ ይመስለኝ ነበር።

በመጋቢት ሐኪሙ በሽታው ከቆሽቱ ወደ ጉበቱ አልፏል አለን። ከሌላ ግዛት የመጣ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው፤ ሲነግረን ከእኛ ይልቅ እሱ ነበር የተጨነቀው። አባባ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ግንቦት አጋማሽ ላይ አለሁ?»

«ምን አለ በግንቦት?» አለ ሐኪሙ።

«ባለመቅዘፊያው ዓሣ ሽቅብ ይወጣል።»

ሐኪሙ የዓሣውን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ አፍንጫው እንደ ጀልባ መቅዘፊያ የረዘመው ዓሣ በዓይን የማይታይ ነፍሳት እያጣራ ነው የሚኖረው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ታዲያ መንጠቆ እንዴት ይጎርስላችኋል ብሎ ጠየቀው።

«ማን ይጎርሳል አለህ?» አለ አባባ። «እንወጋዋለን እንጂ። ውሃው ጭቃ ነው፤ ምንም አታይም። ባለ ሦስት ጥፍሩን መንጠቆ ከእርሳስ ጋር ትወረውርና በኃይል ትስባለህ። ባዶ። ደግመህ ትስባለህ። ባዶ። ወገብህ እስኪቆረጥ ትስባለህ። አንዱን ጊዜ ግንድ የያዝክ ይመስልሃል፤ ከዚያ ግንዱ መሄድ ይጀምራል።»

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ከሰማሁት ዘመን የለውም። ሐኪሙም መድኃኒቱን ጽፎ ሲያበቃ «እንግዲህ ለግንቦት እናድርስህ» አለው።

አደረሱልን። የሎስቶን ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ፣ ግንድ እየጠቀለለ ነው የወረደው። ጠጠሩ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል። አባባ ሰውነቱ አልቆ ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ፤ ግን ከተጋደመው ግንድ በታች ካለችው ቦታው ላይ ሄዶ ተተከለ። ስለ ቦታው እንዴት እንደሆነ አትረሳም። ውሃ ሽንት እንኳ ሲሄድ እኔን ወይ አንተን አቁሞ ነበር፤ የለቀቀ ሰው ተመልሶ አያገኛትማ። ጋሽ ዱዌን እንደ ወትሮው ከግራው ቆመው ነበርና ገና ሲያዩት ጀመሩት።

«አርቪድ! ሞተ ብለውኝ ቦታህን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼው ነበር እኮ!»

«እንግዲያው የእህትህ ልጅ ዋና ይልመድ» አለ አባባ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሁለት ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። ሁለት ሦስቴ ይወረውርና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። ልወርውርልህ ስለው ተቆጣኝ። «ዓሣው ላይ የሚታሰረው መለያ በእኔ ስም ነው የተቆረጠው። የያዘ ሰው ራሱ ነው የሚያስረው» አለኝ። ወንዙ ዳር ያለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ የተፈቀደው ዓሣ ቁጥር ሊሞላ ስለሆነ ወንዙ በሦስተኛው ቀን ማታ ለዓሣ አጥማጅ እንደሚዘጋ ተለጥፏል። ሌላ ግንቦት እንደሌለው እሱም እኔም እናውቃለን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ጎበጠ። ግንድ ነው ብዬ ነበር፤ ግንዱ መሄድ ጀመረ። «ያዝኩ!» አለ አባባ፤ ድምፁ ከዚያ ከከሳ ሰውነት እንዴት እንደወጣ እንጃ። በግራም በቀኝም ያለው ሰው እንደ ደንቡ ክሩን እየጠቀለለ መንገድ ለቀቀለት። ዓሣው ወደ ታች፣ ወደ ኃይለኛው ውሃ አቀና። አባባ ሲንገዳገድ ቀበቶውን ከኋላ ጨብጬ ተረከዜን ጠጠሩ ውስጥ ቀበርኩ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኛል። ተወው ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ በመጨረሻ ዓሣው ዳሩ ላይ ተገለበጠ፤ መቅዘፊያው ከውሃው በላይ ታየ።

ይህን ጊዜ ሁልጊዜ ዓሣውን ጎትቶ ለማውጣት ሜንጦውን ይዞ ውሃው ውስጥ ዘሎ የሚገባው አንተ ነበርክ።

ስምህን ጠራ ወንድሜ። በሙሉ ጉሮሮው ጠራው። «ግባለት! ሜንጦውን ይዘህ ግባ፣ ቶሎ በል!» አለና ወደ ቀኙ ዞረ፤ አንተ ወደምትቆምበት። እዚያ የቆሙት የማናውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ማንን ነው የሚጠራው እያለች ዙሪያዋን ታያለች። እኛን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ወደ ክሩ አቀረቀረ። አባባ ዘንጉን እንደያዘ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ጋሽ ዱዌን ናቸው የራሳቸውን ዘንግ ጥለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እስከ ወገባቸው ገብተው ያወጡለት። አባባ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠና መለያውን አሰረ። ከዚያ ቀና ሳይል «ዱዌን፣ ጠራሁት እንዴ?» አለ።

«ጠርተኸዋል» አሉት። «እሱ ባይሰማህ እኔ ሰምቼሃለሁ። ቦቲዬ ውሃ ሞልቷል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

አባባ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓሣውን ከያዘ በኋላም እስኪመሽ ቦታው ላይ ቆሞ የሌላውን አወራወር ሲያማ ነው የሚውለው። ያን ዕለት ግን «ነይ እንሂድ» ብሎኝ ተነሳ። ወንበሩን ገና ሳላጥፍ አንድ ሰውዬ መጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። አባባ ዞሮ እንኳ አላየውም።

እንቁላሉን ለሽያጭ ወስደው በምትኩ ዓሣውን በነጻ የሚያጸዱልን ሰዎች ሥጋውን በበረዶ አድርገው ሰጡን። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። እማማ ከሞተች ወዲህ በድልድዩ በኩል አልፈን አናውቅም፤ ኮረብታውን ዞረን ነው የምንገባው። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «በአጭሩ ሂጂ» አለኝ። በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «በአጭሩ አልኩሽ እኮ።» መሪውን ወደ ድልድዩ አዞርኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አቁሚ አለኝ፤ አቆምኩ። አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቦዩን ሲያይ ቆየ።

«ያን ዕለት ሞቃት ነበር» አለ። «ጃኬት አልለበስኩም።»

ሞተሩን አጠፋሁት።

«ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ዓሣው እየመጣ ነው፤ ሰው ተደርድሯል። ከሄድኩ ቦታዬን አጣለሁ አልኩ። መጠጣቱን አይቻለሁ፤ አጠገቤ ነው የጠጣው። ቅርብ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ሰጠሁት።»

ከጠበቅኩት ሁሉ ይህን አልጠበቅኩም። እውነቱን ልጻፍልህ፣ ያን ሰዓት ጠላሁት። አንተ እዚያ ግንብ ውስጥ፣ እኔ በአንተ ላይ ጥርሴን ነክሼ፣ እሱ ደግሞ በየግንቦቱ እዚያችው ቦታ ላይ ቆሞ! ልጮህበት ዞር ስል ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አየሁት። ክሩ መዳፉን ቆርጦት ደም ቋጥሯል። በመሐረቤ ጠቀለልኩለት። ሁለታችንም አለቀስን፤ አብረን ግን አይደለም፤ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመስኮቴ በኩል። አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ጡሩምባ ሲነፋብን ነው የተነሳሁት።

አንተንም ለምን ዝም አልክ ብዬ አልጠይቅህም። እሱ እማማን አጥቶ ቁልፉንም እንዲሸከም አልፈለግክም፤ ይህን ለማወቅ እህትህ መሆን ይበቃኛል። ግን ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በአንተ ላይ ያመረርኩበት ዘመን አሁን ያቃጥለኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሽ ዱዌንም። ተናገሪ ካልከኝ ነገ ጠዋት ዳኛው ዘንድ እሄዳለሁ። አትናገሪ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአንተ እጅ ጽሑፍ ላንብበው።

ከወንዙ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከዓሣው ቀዩን ሥጋ አንስቼ ነጩን እንደ እማማ በቅቤ ጠበስኩለት፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ገፋው። ከአልጋ መነሳት ካቆመ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሳጥበው እጄን ያዘኝ።

«ጻፊለት» አለኝ።

ለማን ብዬ አልጠየቅኩትም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሮጬ መጣሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ልበለው አባባ?»

ከንፈሩ ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ይናገረዋል ብዬ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ይውሰድ የፈለገውን ያህል ጊዜ አልኩ በልቤ፤ ይህን አንድ ነገር ግን ይበልልኝ።

«ዓሣው ትልቅ ነበር በይው» አለኝ።

ጻፍኩት። «ሌላስ?»

«በጣም ትልቅ ነበር በይው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ውሃ አምጪ ከማለት በቀር አልተናገረም።

ጠልቶህ ነው ወይ የሞተው ብለሃል። አንተው ፍረድ ወንድሜ፤ እኔ የምችለው አድርሺ የተባልኩትን ማድረስ ነው። ዓሣው ትልቅ ነበር። በጣም ትልቅ ነበር።

የእማማና የአባባ አምላክ ብርዱንም ብቸኝነቱንም ያቅልልህ። ሌሊትህን እንቅልፍ ያድርግልህ፤ በእግርህ ቆመህ በደጃችን ለመግባት ያብቃህ፤ እኔንም እስከዚያ ያቆየኝ። አልጋህን አንጥፌዋለሁ፤ ድመቷ ተኝታበታለች።

ሁልጊዜ የምትወድህ፣
እህትህ