ተቀባይ ሳይታወቅ ልጅ አይሸኝም፦ የወይዘሮ ውብዳር ሀዲስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውብዳር ሀዲስ ከአባታቸው ከግራዝማች ሀዲስ ካሣዬ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ተክሌ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በወረኢሉ በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘመኑ ጠላት የገባበት ስለ ነበር ዕለቱን በትክክል የሚያውቅ የለም። ከስድስት ልጆች አራተኛ ናቸው። በልጅነታቸው ዝምተኛ ነበሩ፤ ከተናገሩ ግን ቃላቸውን አያጥፉም።

ፊደል የቆጠሩት በሰፈራቸው ከመሪጌታ ዘንድ ነው። ከዚያ ደሴ ተምረው አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ፤ በአንድ መሥሪያ ቤትም በጸሐፊነት አገለገሉ። በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ መጥተው ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገቡ። በ1956 ዓ.ም. የምሕንድስና ተማሪ ከነበሩት ከአቶ እምሩ ግርማቸው ጋር ኦክላንድ በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በአካባቢው ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተጠርቶ አንድ ሳሎን አልሞላም። ፍሩትቬል በተባለው የኦክላንድ ሰፈር ቤት ተከራይተው ሠናይትንና ሀዲስን ወለዱ።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ፣ ችግር የደረሰባቸው ልጆች በሚቆዩበት አንድ የኦክላንድ ቤት ተቀጠሩ። በ1959 ዓ.ም. ፖሊስ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ኢትዮጵያዊት ወደዚያ አመጣ። አንድ የአገራችን ነጋዴ «አስተምራታለሁ» ብሎ አምጥቷት በየሆቴሉ ለወንዶች ይሸጣት ነበር። ይህን በሌላ ቃል ማስዋብ አይገባም። ወይዘሮ ውብዳርም አላስዋቡትም።

ልጅቷ ለማንም አትናገርም ነበር። ወይዘሮ ውብዳር አጠገቧ ተቀምጠው የሠናይትን ሹራብ ይሠሩ ጀመር፤ አንድም ነገር አልጠየቋትም። የክሩ ጥቅል ከጭናቸው ሲወድቅ ልጅቷ አንሥታ ሰጠቻቸው።

«እትዬ፣ አገሬ ሊልኩኝ ነው?»

«እንደዚያ ይላሉ። አትፈልጊም?»

«ኤርፖርት የምትቀበለኝ አክስቴ ናት።»

«አክስትሽ ከሆነች ምን ከፋሽ?»

«ለሱ የሰጠችኝ እሷ ናት።»

ደንቡ ልጅ ወደ ዘመዷ ትመለስ ይላል። ዘመድ የተባለችው ደግሞ ሻጯ ነበረች። ወይዘሮ ውብዳር ይህን ለዳኛው አስረድተው፣ ሌላ ተቀባይ እስኪገኝ ልጅቷ እሳቸው ቤት እንድትቆይ ለመኑ። ዳኛው እስከ ክረምቱ መጨረሻ ፈቀዱላቸው። እስከዚያ ሰው ካልተገኘ ልጅቷ ወደ አክስቷ ትሳፈራለች።

ወሬው ሲሰማ አራት ሽማግሌዎች ፍሩትቬል መጡ። ሽማግሌ እንበላቸው እንጂ ሽበት የነበራቸው አንዱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ የበርክሌይና የሳን ሆዜ ተማሪዎች ነበሩ። እንደ ወጉ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ሳሎኑ መካከል ቆሙ።

«ወይዘሮ ውብዳር፣ የአገር ስም አለ» አሉ ሽበታሙ። «ሰውዬው አጥፍቷል፤ ይካስ። ልጅቷም በሰላም አገሯ ትግባ። እርስዎም ፍርድ ቤት በእሱ ላይ መመስከሩ ይቅርብዎ።»

«ኬዙ ክሎዝ ይደረግ ነው የምንለው» አለ አንዱ ተማሪ።

«እኔ ከማን ተጣልቼ ነው የምታረቀው?» አሉ ወይዘሮ ውብዳር።

«እርስዎማ አልተጣሉም። የልጅቷን ነገር ብለን ነው እንጂ።»

«እሷ ገና ልጅ ናት። ልጅ ላይ ሽማግሌ አይላክም።»

«እሺ ይበሉንና እንቀመጥ። እግራችን አለቀ።»

«መቆሙን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ እምሩ አዩ። አቶ እምሩ ወደ ሚስታቸው አዩ። ለዚህም ይመሰገናሉ።

«ሽማግሌ ከሆናችሁ ለልጅቷ ሽማግሌ ሁኑ» አሉ ወይዘሮ ውብዳር። «አገር ቤት እህት ያለው፣ ፖሊስ ውስጥ ወንድም ያለው፣ ኤምባሲ ወዳጅ ያለው ከመካከላችሁ ማነው? ያቺን አክስት የሚያስይዝ፣ ልጅቷን የሚቀበል ሰው አምጡልኝ። ያን ጊዜ እሺ እላችኋለሁ።»

ብዙ ቆሙ። መጀመሪያ የተቀመጡት ሽበታሙ ናቸው።

«እህቴ አዲስ አበባ የሴት ልጆች ማሳደጊያ ታስተዳድራለች» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራቱም ሠሩ። አንዱ ዋሽንግተን ኤምባሲው ድረስ ሄደ። ሌላው አዲስ አበባ ላለው የፖሊስ መኮንን ወንድሙ ጻፈ። የኦክላንድ ፖሊስና የአዲስ አበባ ፖሊስ በእነሱ በኩል ተገናኙ። ወይዘሮ ውብዳር መሰከሩ፤ ሰውዬው እዚህ ተፈረደበት፤ አክስቲቱ እዚያ ተያዘች። ቤቷ ሲፈተሽ ፓስፖርት ወጥቶላቸው ጉዞ የሚጠብቁ ሁለት ሌሎች ልጆች ተገኙ። ከመሳፈር ቀሩ። አንድ አገር ብቻውን ይህን አይችለውም ነበር።

የልጅቷ ጉዞ ለመስከረም 1960 ዓ.ም. ሆነ። ወይዘሮ ውብዳር የማሳደጊያዋን አስተዳዳሪ ፎቶግራፍ አስልከው ለልጅቷ በእጇ ሰጧት። «ይህችን ሴት ካላየሽ ከማንም ጋር እንዳትሄጂ» አሏት። ከአራቱ ሽማግሌዎች ወደ አገሩ የሚመለሰው አንዱ ተማሪ አብሯት ተሳፈረ። ልጅቷ ሴትዮዋን አየች። ትምህርት ቤት ገባች። ለፋሲካ ደብዳቤዋ ቀርቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ውብዳር ከዚያ ወዲህ በዚያው ሥራ ኖሩ። የሜክሲኮም ሆነ የፊሊፒንስ ልጅ ስትመጣ፣ የአገሯን ሰው ፈልገው ተቀባይዋን በስምና በመልክ ሳያውቁ አልሸኙም። መጀመሪያ ላይ አለቆቻቸው ሥራ አጓተቱብን ብለው ነበር፤ በኋላ የቤቱ ደንብ አደረጉት።

በ1966 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። የኦክላንድ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች፣ ጎረቤቶችም ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈል። አራቱ ሽማግሌዎች በየተራ ሆስፒታል ያመላልሷቸው ነበር፤ አገሩ የገባውም ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ አስከሬኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

የልጅቷን ስም ወይዘሮ ውብዳር ለሰው አልተናገሩም፤ የሚያውቁትንም አስምለዋቸው ነበር። ሊያርፉ ሲሉ ግን «እሷን ጠይቋት፤ ስሟ የራሷ ነው» አሉ። ሰኔ 3 ቀን 1967 ዓ.ም. በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ስሟን እንጥራ ወይ ብለን ለልጅቷ ቴሌግራም ላክን። መልሱ ትናንት ደረሰ፤ «ስሜን ደብቀው አሳደጉኝ። አሁን ከልጆቻቸው ጋር ጻፉኝ። ታላቅ ነኝና ከፊት» ይላል።

ስለዚህ ወይዘሮ ውብዳር ባለቤታቸውን አቶ እምሩ ግርማቸውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ የሺመቤት ተክሌን፣ ሦስት ልጆቻቸውንም፣ ነርስ መዓዛ ወንድይራድን፣ ሠናይት እምሩንና ሀዲስ እምሩን ትተው አርፈዋል።

ተቀባይ ሳያውቁ ማንንም ያልሸኙትን እኚህን ሴት፣ ዛሬ እኛ ስንሸኛቸው ተቀባያቸውን አውቀን ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል። አሜን።