የዋህባ ክንድ

ውድ ናርጊስ፣

እዚህ ድሮንካ ገዳም ለበዓል መጥቼ ጎረቤታችንን ዋህባን አገኘሁት። ሚስቱ ሰኒያ ድብድቡን ካልተወና ክንዱ ላይ የተነቀሳትን ጨፋሪ ካላጠፋ ቤት አትገባም እንዳለችው ታውቂያለሽ። እዚህ ንስሐ ገባና በቀጥታ በዓሉ ላይ ወደሚሠራው ነቃሽ ሄደ። ነቃሹም ለጨፋሪዋ ረጅም ቀሚስና አክሊል ጨምሮ ቅድስት ድምያና አደረጋት። ዋህባ ደስ ብሎት ቡጢውን ጨብጦ ክንዱን ቢያነሳ ጡንቻው ተንቀሳቀሰና ቅድስቲቱ ወገቧን አወዛወዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ትጨፍራለች እኮ» አለች እሷም ለበዓሉ መጥታ አጠገቡ ቆማ ታይ የነበረችው ሰኒያ።

«ቡጢ ካልጨበጠ ቅድስት ናት፣ እትዬ። ቀሪው የእሱ ሥራ ነው» አለ ነቃሹ።

ሰኒያ ትንሽ አሰበችና «እንዲያማ ከሆነ ትቆይ» አለች።

ምሳ ላይ ገዳሙ ለሚያድለው ምስር ወጥ ስንሰለፍ አንዱ ዋህባን ገፍትሮ ቀደመው። እኛ ሰፈር ቢሆን ድብድቡ እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርስ ነበር። ሰልፈኛው ሁሉ ክንዱን ያይ ጀመር። ዋህባ በላብ ተጠመቀ፤ ጣቶቹ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ። ሰኒያ «ና፣ ከእኔ ጋር ብላ። ነገ አብረን ወደ ቤት እንሳፈራለን» አለችው።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለሰፈሩ ሰው ደግሞ አደራ በይልኝ፤ ስንመጣ ማንም «እስቲ አስጨፍራት» እንዳይለው።

ጓደኛሽ ኢንሳፍ