ዳንቴልና የእማዬ መቀስ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ያው ነው። ሁለት ዩኒፎርም፣ አንድ አልዘጋ ያለ ዚፕ፣ "ትንሽ ብቻ አስፊልኝ" የምትል ደንበኛ። የሷ ትንሽ ሌላ ቀሚስ ይወጣዋል። እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

ፍራሽ ሰሪው መጥቶ የብጣሽ ጨርቅ ጆንያውን ወሰደ። ዛሬስ ከበደኝ አለ። ሥራ በዝቶ ነዋ አልኩት። ጉራዬ...

አባባ ከክፍላቸው አልወጡም። እማዬ ካረፈች ወዲህ የግቢውን በር አልፈው አያውቁም። ለእኔ "እሺ" እና "በቃኝ" ብቻ። ለእማዬ ድመት፣ ለዳንቴል ግን ወሬው አያልቅባቸውም። በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። በድመት ይቀናል? ይቀናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዳንቴል የለችም። ትናንት ማታም ራቷን አልነካችም። አባባም ምሳቸውን አልነኩም። ትመጣለች አልኳቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ የድመት ፍለጋ ሊቅ ሆና ቁጭ። መጀመሪያ ቅርብ ቅርቡን ፈልጊ፣ የደነገጠች ድመት ሩቅ አትሄድም፣ ጠባብ ቦታ ነው የምትሸጎጠው አለች። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢ ደጅ አድርጊው፣ ሽታውን ታውቀዋለች። መንገዱ ጭር ሲል ተጣሪ፣ ከዚያ አፍሽን ዘግተሽ አዳምጪ። አፍ መዝጋቱ ላይ ጠበቅ አድርጋ ነገረችኝ።

ሁሉንም አደረግኩ። አልጋ ሥር ዓመት የፈለግኩትን ጫማ አገኘሁ። ደጅ ያስቀመጥኩት ጨርቅ ላይ አንድ የማላውቀው ወፍራም ድመት ተንፈላስሶ ተኝቷል። ጌታው! ፎቶዋን በየሱቁ ለጠፍኩ... ወፍ የለም።

አባባ ዛሬም አልበሉም። ዳንቴል ካልተገኘች እሳቸውም ያንን በር ዘግተው የሚቀሩ መሰለኝ። እውነቱን ልጻፈው፣ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጉድ ነው ዛሬ። ጠዋት አባባ ኮታቸውን ለብሰው ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሙ።

"የእናትሽን መቀስ ስጪኝ።"

"ለምን አባባ?"

"ዳንቴል በስሟ ሲጠሯት መቼ መጥታ ታውቃለች?"

እውነታቸውን ነው። እማዬ ልታበላት ስትል ያንን ትልቅ የብረት መቀሷን ቀጭ ቀጭ ታደርግ ነበር። ዳንቴል ያደገችው በዚያ ድምፅ ነው። የእኔ መቀስ አዲስ ነው፣ ድምፅም የለው... ግን እንዴት ረሳሁት?

ወጡ። በሩን አልፈው ወጡ! ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ኮት የለበሱ ሽማግሌ መቀስ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ መንገድ ለመንገድ... ያልዞረ ሰው የለም። አንዱ ጠጋ ብሎ፣ አባት፣ ፀጉር መቆረጥ በስንት ነው አላቸው። ድመቴን ካገኘህልኝ በነፃ አሉት። አባባ ቀለዱ እኮ። ስንት ጊዜያቸው?

ፍራሽ ሰሪው ደጃፍ ስንደርስ ቀጭ ቀጭ... ከብጣሹ ክምር ውስጥ "ሚያው"። ዳንቴል ክር በክር ሆና ብቅ አለች። ለካ ሰኞ ጆንያው ውስጥ ተኝታ ኖሯል፤ እኔው ሳላይ አፉን ጥፍር አድርጌ አሰርኩባት። በዛ ያልኩት ሥራ ድመት ሆኖ ተገኘ። ፍራሽ ሰሪውማ አይጥ መስሎት ወጥመድ ሊያጠምድ ነበር።

አባባ እዚያው ያላለቀ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እማዬ ከተቀበረች ጀምሮ ሲያለቅሱ አላየሁም። ፍራሽ ሰሪው ውሃ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። "የእኔም ባለቤት እኮ አርፋለች" አላቸው።

ወሬ ጀመሩ። እኔ ዳንቴልን አቅፌ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ዳንቴል መስኮቱ ላይ ተዘርራለች። ጆንያ ከማሰሬ በፊት እጄን መክተት ልማድ ሆኖብኛል።

ምሳው ቀዘቀዘ። አባባ ጠዋት ፍራሽ ቤት እንደሄዱ ናቸው። ዳማ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሁለቱም አልተሸነፍኩም ባይ ናቸው። ስልክ ብደውል ማን ያንሳ? ለፀጉር ሠሪዋ አባቴ ጠፉብኝ አልኳት። ቅርብ ቅርቡን ፈልጊ ብላ ሳቀችብኝ።

የእማዬን መቀስ አንስቼ ደጅ ወጣሁ። ቀጭ ቀጭ...

ከመታጠፊያው "መጣሁ፣ መጣሁ" የሚል ድምፅ። ዳንቴልም ከመስኮቱ ወረደች። ሁለቱም እኩል በሩ ላይ ደረሱ።