ሦስት ጊዜ ሸኙኝ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ጠረጴዛውን ትደገፊያለሽ? ጋሼስ ደህና ነው? መንትዮቹ ተማሪ ቤት ለመዱ? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እህል ትቀምሳለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እጄም እግሬም በቦታው ስላለ ነው። ልቤን አትጠይቂኝ፤ ይልቅ ቁጭ በይና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ሊዘጋ ነው ብዬሽ ነበር። ተዘጋ። አሥራ ስድስት ዓመት አንሶላና የሐኪም ጋውን የሰፋሁበት ክፍል አሁን የካርቶን ማስቀመጫ ሆኗል። አንሶላው ተሰፍቶ ያለቀለት ከፋብሪካ ይመጣል። ኃላፊያችን ጠርታኝ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለው ቅርንጫፍ ሰው ይፈልጋል፣ እዚህ ግን ቦታ የለንም አለችኝ። እስከ ቅዳሜ አስቢበትና ፈርሚ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔ ሳላስብበት ወሬው ልብስ ማጠቢያው ደረሰ። በማግስቱ ያገኘኝ ሁሉ «መቼ ነው የምትሄጂው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፤ መሄድ አልፈለግሁም። ልብስ ማጠቢያ የምትሠራዋን ጓደኛዬን፣ ስትስቅ ምጣድ ላይ እንዳለ በቆሎ ስለምትንጣጣ ፈንድሻ የምንላትን፣ ታስታውሻታለሽ። የዛሬ አራት ዓመት «ከዚህ ወጥተን የራሳችንን ስፌት ቤት እንክፈት፤ አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ ደንበኛ አመጣለሁ» ብላኝ ነበር። ያኔ እማዬ እኔ ጋ ሆና ታማ ነበር። እሷን ይዤ የት እገባለሁ ብዬ «ትንሽ ቆይ» አልኳት። እማዬ ወዳንቺ ከመጣች በኋላም ነገ ዛሬ ስል ጊዜው ሄደ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። ክፍሉ ሲዘጋ ፈንድሻ ታነሳዋለች፣ «የት ትሄጃለሽ፣ ቅሪና እንክፈት» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ይህን ብትለኝ ወረቀቱን ልቀደው ነበር።

የመጀመሪያው ሽኝት ማክሰኞ፣ እዚያው ስፌት ክፍል ነበር። የመቁረጫውን ጠረጴዛ በአዲስ አንሶላ ሸፍነው ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሰላጣ ደረደሩበት። ዘይቱ አንሶላው ላይ ሲንጠባጠብ ሳይ «ኧረ ይሄ አይለቅም» ልል ነበር፤ ከእንግዲህ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት። ኃላፊያችን ንግግር አደረገች። ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ዝምተኛ አለችኝ። ቀብር ላይ የሟች ታሪክ ሲነበብ የሰማሁ መሰለኝ። ፈንድሻ አጠገቤ ተቀምጣ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየች ሳህኔ ላይ ታደርግልኛለች። ስለ ስፌት ቤት ግን ትንፍሽ አላለችም። ሰው ስለበዛ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለተኛው ሐሙስ፣ አምቡላንስ ሾፌሩ ቤት ነበር። ሚስቱ ምን የመሰለ ራት አዘጋጅታ ጠበቀችን። «እዚያ የምታውቂው ሰው አለ?» አለችኝ። የለም ስላት «አይዞሽ፣ ሰው እየዋለ እያደረ ይለመዳል» አለች። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ቀልዱን ያዘ። «አምቡላንሱ ውስጥ አስተኝቼሽ ሳይረኑን እያስጮህኩ አውቶብስ ጣቢያ አደርስሻለሁ፤ መኪናው ሁሉ ጥግ ይዞ ይሸኝሻል» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቁ መሃል ጣል አድርጌ «ባልሄድስ?» አልኩ። ሾፌሩ «ተበልቶልሽ፣ ተጠጥቶልሽ መቅረት የለም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ ባሰባቸው። ፈንድሻም ሳቀች፤ ዓይኖቿ ግን ሳህኗ ላይ ነበሩ።

ሦስተኛው አርብ ከሥራ እንደወጣን ነው፤ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለችው መጠጥ ቤት፣ ፈንድሻ፣ ሾፌሩና እኔ ብቻ። ሁለተኛው ቢራ ላይ ሾፌሩ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ፤ የእኔው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ሳለ የእሷ ቀደመ። «የቤትሽን ስፌት መኪና ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። «ምነው?» አልኳት። ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች «ከወንድሜ ሚስት ጋር ስፌት ቤት ልንከፍት ነው። ቤት ተከራይተናል። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ» አለች።

ጥርስ ባዳ ነው፣ ሳቅሁ። «እኛ እኮ» ብዬ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። እሷ ግን ገባት። «ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?» አለች፤ ድምጿ ቁጣ የለበትም። «እናቴ አልሽ፣ እሺ አልኩ። እናትሽ ሄዱ፣ ክረምቱ ይውጣ አልሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን በአፍሽ አንስተሽው ታውቂያለሽ? የማትፈልጊው መሰለኝ። እኔም ሰው ነኝ፣ መለመን ይሰለቸኛል።»

ያለችው ሐሰት የለበትም እትዬ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ አልቆ ነበር። «መኪናውን ውሰጂው» አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ እንባዬ እንኳ እምቢ አለኝ። ሾፌሩ ተመልሶ ሲያየን የመለያየት እንባ መሰለውና ሌላ ዙር አዘዘ። «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብሎ ብርጭቆውን አነሳ። እኔም አነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ፈንድሻ የወንድሟን ሚስት ይዛ መጣች። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ልጠላት ብዬ አቃተኝ። የስፌት መኪናው ክር አንዳንዴ ስለሚበጠስ እንዴት እንደምታላላው አሳየኋትና ተሸክመውት ወረዱ። እሁድ ጣቢያ የሄድኩት በታክሲ ነው። «ማለዳ ነው፣ እንዳትለፉ፣ አትምጡ» ብያቸው ነበር። አመኑኝ። አውቶብሱ እስኪነሳ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስፈልግ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «የምትጠብቂው ሰው አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት።

እዚህ ከደረስኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው። እዚህም የስፌት ሥራ የለም፤ ያ ከፋብሪካ የሚመጣው አንሶላ ታጥቦ ሲወጣ ማጠፍ ነው ሥራዬ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። «አዲሷ» ይሉኛል፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አዲሷ ሆንኩልሽ። የክፍሌ መስኮት ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ምግብ እሠራለሁ፣ አቀርባለሁ፣ መልሼ እከድነዋለሁ። በአንድ ሳምንት ሦስት ግብዣ የበላ አፍ ብቻውን ማኘክ ጠላ። ሰው «ቅሪ» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ እብሰለሰላለሁ፤ ደግሞ መልሼ ራሴን፣ አንቺስ «ልቅር» ብለሻል ወይ እላለሁ። እትዬ፣ ያልፋል እንዳትዪኝ። ያልፋልን እኔም ለበሽተኛ ስል ኖሬያለሁ፤ የማያልፈውን አውቀዋለሁ።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። መንትዮቹን በየተራ ሳይሆን አንድ ላይ ሳሚልኝ፣ መቀናናት እንዳይመጣ። ላከራያችሁ ሴትዮም ሰላምታዬን አድርሺ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነቢላት። የልጄ ነገር በእኔ ሕመም ተበላሸ ብላ ራሷን ትበላለች። ከጠየቀችሽ፣ ጓደኞቿ አብልተው አጠጥተው በደንብ ሸኟት በያት። ውሸት አይሆንብሽም፤ በደንብ ሸኝተውኛል።

ታናሽሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን