ባለቤቴ የፈረመው የምትክ ቤት ውል እንዲነሳልን

ለባቡር ጣቢያ አካባቢ መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሚያዝያ 9

ጉዳዩ፦ የምትክ ቤት ውል ተነስቶ በጣቢያው አጠገብ በሚሠራው ሕንፃ መኖሪያ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ከጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት ባለችው ቤታችን ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ አናጢ ነበር፤ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል እየሄደ እጥበት ያደርጋል። ሲጨርስ መቆም ስለሚያቅተው ደግፌው ባቡሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሳያንገላታን ደጃችን ያደርሰናል።

በአዲሱ የመሬት አጠቃቀም ፕላን መሠረት የእኛ ሰፈር ቤቶች ፈርሰው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑ ፎቆች እንደሚሠሩ ተነግሮናል። ፕላኑን አልቃወምም። በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ “ዓላማው ብዙ ሰው ለባቡሩ ቀርቦ እንዲኖር ነው” ሲሉ እኛም ያለንበት መስሎኝ አጨብጭቤያለሁ። የደረሰን ምትክ ቤት ግን ከተማው ዳር፣ ባቡር በማይደርስበት ቦታ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ቤቱስ ደህና ነው፤ አውቶቡሱ ግን ረፋድ ላይ ነው የሚመጣው፣ የባለቤቴ የእጥበት ተራ ደግሞ ማለዳ ነው።

ይህንኑ ለባለሙያው ባስረዳ “እናቴ፣ ይገባኛል፤ ግን ለበሽተኛ ተብሎ የተለየ መመሪያ የለንም” አሉኝ። ሳልፈርም ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሳይነግረኝ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቶ ፈረመ። ምን ነካህ ስለው “የመፈረሚያው ቀነ ገደብ ካለፈ ምትኩም ይቀርብሻል። ቤቱ ላንቺ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ አልታጠብም” አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ተራውን አሳለፈ። ዛሬም ፊቱን አዙሮ ተኝቷል፤ እግሩ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለሐኪሙ ብደውልላቸው “ዛሬ ካላመጣሽው ላንደርስለት እንችላለን” ብለውኛል።

ስለዚህ፦

1. ውሉን የፈረመው ተስፋ ቆርጦ ነው፤ የእኔም ስምምነት የለበትምና እንዲነሳልን፤

2. በሚሠራው ሕንፃ አንድ ክፍል እንዲያዝልን፣ ሕንፃው እስኪያልቅም በየትኛውም ጣቢያ አጠገብ በኪራይ ቤት እንድንቆይ እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ።

ውሳኔው ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ለዛሬ ግን “ጉዳያችሁ እየታየ ነው” የሚል፣ ማህተም ያረፈበት አንድ መስመር ይስጡኝ። በርዎ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያንን ወረቀት ካሳየሁት እሺ ብሎ ይነሳልኛል፤ ጎረቤቴ ልብሱን አዘጋጅታ አጠገቡ ተቀምጣለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ